በራሱ ይጠፋል ያልኩት ማሽን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ስካሬን፣ ጾም መግደፌን ስዘረዝር ይህን ግን ውጬው ተነስቻለሁ። አሁን የምናገረው ይቀለኛል ብዬ አይደለም። አይቀለኝም።

ሙያዬ ፍሪጅና ኤሲ መጠገን ነው። ያስተማሩኝ ጋሽ ይበልጣል የሚባሉ የቢቸና ሰው ናቸው። አባቴ ሲሞት ሱቃቸው አስገብተው መዳብ መበየዱን፣ ጋዝ መሙላቱን፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገሩንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ኋላም ከእንግዲህ ሸሪኬ ነህ እንጂ ሠራተኛዬ አይደለህም አሉኝ። እንዲህ ያሉትን ሰው ነው የበደልኩት።

ሚሌኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መተማ ሲነግድ የኖረ አንድ ሰው ሞጣ ላይ ቪላ ሠራ። በሞጣ ብርድ ኤሲ ምን ሊሠራ ነው ብሎ ሰው ሳቀበት፤ እሱ ግን ቆላ የለመደውን ሳሎኑና መኝታ ቤቱ አስገጠመ። ብዙም ሳይቆይ ተበላሹበትና እኛን አስጠራን። ለመጠገን መጀመሪያ ውስጡ ያለው ጋዝ መውጣት ነበረበት። በእኛ አገር ብዙው ባለሙያ ቱቦውን ፈትቶ ወደ አየር ይለቀዋል። ጋሽ ይበልጣል ግን ባሕር ዳር ሥልጠና ወስደው ከተመለሱ ወዲህ ይህን እንደ ነውር ነበር የሚያዩት። ጋዙን ስቦ ሲሊንደር ውስጥ የሚያጠራቅም ማሽን እንግዛ አሉ። ሄደህ አንተው ምረጥ፣ አምንሃለሁ አሉኝ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ሻጩ ቅን ሰው ነበር። ሁለት ዓይነት ማሽን እንዳለ አስረዳኝ። አንደኛው ግፊቱ ከፍ ላለው ለአዲሱ ጋዝ የተሠራ ነው፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ያጠፋል። እሱ ግን እጁ ላይ አልነበረም፤ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ። ሁለተኛው ያገለገለ፣ ለድሮው ጋዝ የተሠራ፣ ራሱን የማያጠፋ ነው። ኤሲያችሁ አዲሱ ጋዝ ያለበት ከሆነ ይህን አትውሰድ አለኝ። የሞጣው ኤሲ አዲሱ ጋዝ ያለበት መሆኑን አውቅ ነበር። ግን ነጋዴው ከባሕር ዳር ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ እያለ ያስቸኩለን ነበር። እኔም ባዶ እጄን ተመልሼ መምረጥ አቃተው መባልን ፈራሁ። ሁለተኛውን ወሰድኩ።

እስከዚህ ያለውን ስህተት በሉት። ቢቸና ስደርስ ጋሽ ይበልጣል ማሽኑን እያገላበጡ አዩና ለአዲሱ ጋዝ ይሆን እንደሆነ ጠየቁኝ።

“ለሁሉም ይሆናል” አልኳቸው። “ግፊቱ ሲበዛ በራሱ ይጠፋል።”

ማን አስገደደኝ? ማንም። እውነቱን ብነግራቸው ምን ያደርጉኝ ነበር? ምንም። ስቀው፣ በል መልሰን እንለውጠዋለን ይሉኝ ነበር። ይህን ማወቄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ሞጣ ሄደን ከቪላው ጓሮ ሥራ ጀመርን። ማሽኑ መጀመሪያ ደህና ሠራ። ኋላ ድምፁ ተለወጠ፤ እንደሚያቃስት ሰው ይል ጀመር። የግፊት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ገባ። አጠገቡ ቁጢጥ ብለው የነበሩት ጋሽ ይበልጣል ቀና ብለው አዩኝ።

“ሲበቃው ይጠፋል አይደል?”

እኔ ቆሜ ነበር። መሰኪያው ከእጄ ሩቅ አልነበረም። ብነቅለው ግን ለምን ነቀልክ ይሉኛል፤ ውሸቴ ይወጣል። “አዎ” አልኩ። እያየሁ፣ እየሰማሁ፣ አዎ አልኩ። ወዲያው ቱቦው ከመጋጠሚያው ተፈንቅሎ ወጣና ፈሳሹ ጋዝ ፊታቸው ላይ ተረጨ። ያ ጋዝ ሥጋን የሚገድለው በብርዱ ነው። ዓይናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አጎነበሱ። የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አልጮኹም።

ከሞጣ ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ተላኩ። ዓይናቸው ግን አልተመለሰም። ነጋዴው ምን ተፈጠረ ሲለኝ፣ ቀስቱ ሲያልፍ አላዩትም አልኩት። ያንኑ ለባለቤታቸው ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው፤ ያንኑ ለቢቸና ሰው ሁሉ። ማሽኑን በመዶሻ ሰባብሬ ለቆራሊዮ ሰጠሁት። ሰው በንዴት መሰለው። እኔ የሰበርኩት ሌላ ባለሙያ አይቶ እንዳያውቅብኝ ነው።

ጋሽ ይበልጣል ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ዓመታት አለፉ። ሱቁን እኔ ያዝኩት። እትዬ ጥሩወርቅ ኑሮው ሲመራቸው፣ ራስዎ ባመጡት ጣጣ እያሉ ይወቅሷቸው ነበር፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን ጋሽ ይበልጣል ወደ ድምፄ ዞር ብለው ጠየቁኝ።

“ያን ቀን ማጥፊያውን እኔው ነካክቼ አበላሽቼው ይሆን? አንተ አጠገቤ ነበርክ።”

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር።

“እንጃ ጋሼ፣ ሊሆን ይችላል” አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸውን ያጠፋሁት ሳያንሰኝ በገዛ እጃቸው ላይ የነበራቸውንም እምነት ወሰድኩባቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። የበሩን ቁልፍ እንኳ ሌላ ሰው እንዲያዞርላቸው ይጠይቁ ጀመር።

ሞቱ። ተዝካራቸው ላይ እትዬ ጥሩወርቅ እንግዳው ፊት እጄን ይዘው፣ እንደ ልጅ የጦረን ይህ ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ አሜን አልኩ።

ለምን ለእትዬ ጥሩወርቅ አልነገርኳቸውም? ባላቸውን በከንቱ ሲወቅሱ መኖራቸውን ቢያውቁ ይሰበራሉ ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ። ውሸት ነው። አዝኜላቸው አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ያኔም ፈርቼ ነበር፣ ዛሬም እንደፈራሁ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ምን በደልኳችሁ? ይቅር ሊሉኝ ይችሉ የነበሩት ሰው ቢቸና አፈር ውስጥ ናቸው። ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ አምነው ነው የተቀበሩት።