የተወለወለው መስታወት

ዶክተር ዘቢደርን የሚያውቁ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሰው መናቅ ታውቅበታለች። አንድ ጊዜ ያየውን ነገር በቴሌቪዥን ቀርቦ እንደ ተረጋገጠ እውነት የሚተርክ ምሁር ካየች ሳህኗን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። «አንዴ ለክቼዋለሁ» ብሎ የጥናት ወረቀት የሚያመጣላትን መምህር ደግሞ «አንዴ የተለካ ነገር ወሬ ነው። ወሬ ከፈለግህ የወሰን ሰፈር ታክሲ ውስጥ ሞልቶልሃል» ብላ ትሸኘዋለች። ጸጉሯ የሸበተው በዚሁ ጠባይ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ባለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ ጥቁር መጋረጃ ዘግታ አፈርና ድንጋይ ላይ የሌዘር ጨረር ታሳርፋለች። ጨረሩ ያረፈበት ነገር ብልጭ ይላል፤ እሷ የብልጭታውን ቀለም በትና በውስጡ ብረት ይኑር መዳብ ታነባለች። ከፍተኛ ተመራማሪ የተባለችው በዚህ ነው።

በምትኖርበት በወሰን ሰፈር ጎረቤቷ የሆነችው ከይሪያ ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት አላት። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጋራዥ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ያቀልጣል። የልጆቹ የሆድ ቁርጠት ሲበዛባት ከይሪያ ከመጫወቻው ሜዳ አፈር ዝቃ በፌስታል ቋጥራ አመጣችላት። «ዶክተር፣ መርዝ ካለበት ልወቀው፤ እባክዎ ይዩልኝ» አለቻት።

ዘቢደር ሁዳዴ ሳይገባ ለካችው። የእርሳሱ መስመር ከሌላው ሁሉ በላይ ተመዞ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ቢሆንም አንዴ የተለካ ነገር ወሬ ነውና፣ አፈሩን አድርቃና ፈጭታ እንደገና እስክትለካው ድረስ ለማንም ላለመናገር ወሰነች። ከይሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ባገኘቻት ቁጥር «ያ አፈር እንዴት ሆነ?» ትላታለች። «ገና ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ጥድፊያ አይወድም» ትላለች ዘቢደር፣ ትንሽም ቆጣ ብላ።

ሁለተኛው ልኬት ግን ምረቃ ገጠመው። ቤተ ሙከራው ሥራ ከጀመረ ዓመታት አልፈውታል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ያለውን ነገር ደጋግሞ ማስመረቅ ይወዳል። እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፣ ግድግዳው ይቀባ ተባለ፣ ቤቱ ተቆለፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ፣ ሪባን እስኪገዛ፣ ደግሞም ሪባኑ ከባነሩ ጋር አልሄደም ተብሎ እስኪቀየር ጾሙ ተፈታ። የዚህ ሁሉ አዛዥ ምክትል ዲኑ ዶክተር ማቲዎስ ነበር፤ የዘቢደር የቀድሞ ተማሪ። ስለ ብርሃን በሰሌዳ ላይ ቀመር ሲደረድር የሚያህለው የለም፤ ብሎን መፍቻ በየት በኩል እንደሚያዝ ግን አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ መሣሪያ የሚያስጠብቁት።

ቁልፉ የተመለሰላት የምረቃው ዋዜማ ነው። ኮቷን ሳታወልቅ የከይሪያን አፈር አስቀምጣ ማሽኑን አበራች። ጨረሩ ተተኮሰ፣ አፈሩ ብልጭ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ ወጣ። ደገመችው፤ ያው ነው። ክዳኑን ፈትታ ወደ ውስጥ አየች።

ብልጭታውን በየቀለሙ የሚበትነው ከመዳፍ የማይበልጥ መስታወት ነው። ፊቱ ላይ በዓይን የማይለዩ መስመሮች ተጭረውበታል፤ ቀለሙን የሚበትኑት እነሱ ናቸው። በጣት አይነካም፣ በጥጥ አይጠረግም፤ አቧራ እንኳ ቢያርፍበት ታግሠው ይሠሩበታል። ያ መስታወት እንደ ሠርግ ቤት ብርጭቆ ተወልውሎ፣ መስመሮቹ ጠፍተው ነበር።

ማቲዎስ ወንበር እያስደረደረ አገኘችው።

«ማነው ያን መስታወት የነካው?»

ሰውየው ፊቱ በራ። «እኔ ነኝ፣ ዶክተር! እንዲህ ያለውን ለጽዳት ሠራተኛ አምኜ አልሰጥም ብዬ በገዛ እጄ ነው። ቤንዚን የፈሰሰበት ውሃ ላይ እንደሚታየው ዓይነት ቀስተ ደመና ነበረበት እኮ! ዘይት ነክቶታል ብዬ በአልኮል ፈተግሁት።»

«ለቀቀልህ?»

«መጀመሪያ አስቸግሮኝ ነበር። በኋላ ግን ለቀቀ።»

«ቀስተ ደመናውማ ሥራው ነው፣ አንተ ሰውዬ! እኔው ነኝ ያስተማርኩህ። ፈተና ላይም ጠይቄሃለሁ።»

«ቲዎሪውንማ ጽፌልዎት ነበር» አለ ማቲዎስ፣ ትንሽ ቅር ብሎት። «መስታወቱን በአካል አይቼው ስለማላውቅ ነው። ግድ የለም፣ ሌላ እናዛለን። ነገ ግን እንግዶቹ የሚያዩት ብርሃን ይኖራል አይደል?»

ማዘዝ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ጨረታው፣ የውጭ ምንዛሪው፣ ጉምሩኩ፤ ዕቃው እስኪደርስ የከይሪያ ልጆች አንደኛ ክፍል ይገባሉ።

በማግስቱ የዘቢደር ጨረር በዓይን የማይታይ ስለሆነ ማቲዎስ ስላይድ ለመጠቆም የሚያገለግል አረንጓዴ ሌዘር ከኪሱ አወጣና አዲስ የተቀባው ግድግዳ ላይ አሽከረከረው። ተጨበጨበ። አንዱ እንግዳ አረንጓዴዋን ነጥብ በመዳፉ ሊይዛት ሲሞክር ፎቶ ተነሣ። ዘቢደር ክንዷን አጣጥፋ ጥግ ላይ ቆማ ሁሉንም ተራ በተራ ናቀቻቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ንቀቱ ጣፈጣት። ከዚያ ምሳ ሳይቀርብ ሹልክ ብላ ወጥታ ታክሲ ያዘች፤ ይህን ጉድ ለአንድ ሰው ሳትነግር ልታድር አልቻለችም።

በከይሪያ ቢሮ ውስጥ ከልጆች ወንበር በቀር መቀመጫ አልነበረም። ዘቢደር ጉልበቷን አገጯ ሥር አድርጋ ተቀመጠችና የማቲዎስን ውልወላ ከነአነጋገሩ ተረከችላት። ከይሪያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ታዲያ አፈሩስ፣ ዶክተር?»

«እሱንማ ነው የምልሽ፤ ደግሜ መለካት አልቻልኩም። ስለዚህ እርግጠኛ ነኝ ልልሽ አልችልም። ግን እርሳስ አለበት። ብዙ ነው።»

የከይሪያ ሳቅ ቆመ። «መቼ ነው ያዩት?»

«መጀመሪያ የለካሁት ጊዜ ነዋ። ሁዳዴ ሳይገባ።»

«ረመዳን ሳይገባ ማለት ነው» አለች ከይሪያ፣ ቀስ ብላ። «ዶክተር፣ እኔ መቼ እርግጠኛ ይሁኑ አልኩዎት? “ጠርጥሬያለሁ” ብቻ ቢሉኝ ኖሮ በረንዳው ላይ አጫውታቸው ነበር። ሲሚንቶ ነው። ባዶውን ነው የተቀመጠው።»

ዘቢደር ማቲዎስን ልታነሳ ነበር፤ ቀለሙን፣ ሪባኑን፣ ያን የተረገመ አልኮል። ነገር ግን ግድግዳው ሳይቀባም፣ መስታወቱ ሳይወለወልም መልሱ በእጇ ነበር። የቸገራት አንዲት ቃል መተንፈስ ነበር፤ ያችን ቃል ቢሰማ የሚንቃት ሰው ደግሞ ከራሷ በቀር አልነበረም።

ከይሪያ ወደ ሜዳው ወጥታ እያጨበጨበች «ግቡ! ሁላችሁም ወደ ውስጥ!» ትል ጀመር። ልጆቹ እየተንጫጩ በዘቢደር አጠገብ አለፉ። የመጨረሻዋ ልጅ በር ላይ ቆም ብላ እንግዳዋን ሴትዮ አየቻት፤ ከዚያም አፈር የለበሰ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ እየጠባች ገባች።