እኛ ጭስ አንመዝንም

ሥራ አስኪያጃችን «ለድርጅቱ መኪና ምረጥ» ሲለኝ «እኔ ስለ መኪና አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። ግን የድሬዳዋ ልጅ አላውቅም ብሎ ያውቃል? «ለኔ ተወው!» አልኩት።

ሥራ አስኪያጁ እንግሊዝ አገር ኖሮ ወደ ሐርጌሳ የተመለሰ ነው። ወሬው ሁሉ «እኛ ለንደን ሳለን» ብሎ ነው የሚጀምረው። ለንደን ሳሉ ታዲያ ለድርጅት መኪና ግብር የሚጣለው በጭሱ ልክ ነበር አሉ፤ ጭሱ ያነሰ የናፍጣ መኪና የመረጠ ግብሩ ይቀልለታል። እኔ በስም የአስተዳደር ኃላፊ ነኝ፤ በተግባር ግን የማተሚያ ቀለም ሲያልቅ የምፈለግ ሰው ነኝ። እና ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ተደፍቼ ስለ ጥላሸት፣ ስለ ማጣሪያ፣ ስለ ጭስ መጠን ሳነብ ሰነበትኩ። ከተማው በሙሉ ትንንሽ የጃፓን ቤንዚን መኪና ይነዳል፤ መለዋወጫው በየሱቁ አለ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው መካኒክ ሞልቷል። እኔ ግን ከእንግሊዝ አገር ጭሱ ያነሰ የናፍጣ መኪና አስመጣሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው። ወላሂ፣ የእንግሊዝ ግብር ሐርጌሳ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

መኪናው ሲገባ ግብር ልከፍል ግብር ቢሮ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በሶማሊኛ፣ ይህ መኪና ከሌሎቹ ያነሰ ጭስ እንደሚያወጣና ስለዚህ ቅናሽ እንደሚገባው አስረዳኋት። አላቋረጠችኝም። ትዕግሥቷ ነው የገደለኝ። እኔ ስጨርስ ለራሴ በአማርኛ «አቦ፣ ምን ውስጥ ነው የገባሁት!» አልኩ።

ቀና አለች። «ወንድሜ፣» አለችኝ ጥርት ባለ የጅግጅጋ አማርኛ፣ «እኛ ጭስ አንመዝንም። የምናየው ሞተሩንና ዋጋውን ነው።»

መኪናው ደግሞ አዲስ ስለሆነ ውድ ነው። ግብር ላስቀንስ ሄጄ አስጨምሬ ወጣሁ። በማግስቱ ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ ብዬ ተመለስኩ። በሦስተኛውም ቀን አልገባኝም። በኋላ ስለ ግብር የምጠይቀው አለቀብኝና፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት ሌላ ግብር እንዲጥልብን ተመኘሁ። ያኔ ራሷ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ፤ ወረፋ ስለማበዛባት ነው አለች።

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አንተ መረጥከው፣ አንተው ንዳው» ብሎ ቁልፉን አስታቀፈኝ። ለካ ጭሱ ያነሰው መኪናው ጭሱን ስለሚውጥ ነው! ሆዱ ውስጥ ማጣሪያ አለው፤ ጥላሸቱ እዚያ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ ረጅም መንገድ በፍጥነት ተነድቶ ካልተቃጠለ ጉልበቱ ይከዳዋል። የሠሩት ሰዎች አውራ ጎዳና እንጂ ፍየልና ባጃጅ እየተጋፉ የሚሄዱበትን መንገድ አላሰቡም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከከተማ የሚያወጣውን የበርበራን መንገድ ይዤ እጋልበዋለሁ። ሰው ልጁን ያናፍሳል፣ እኔ የድርጅት መኪና አናፍሳለሁ።

ይህን በስልክ ስነግራት በሳቅ ትሞታለች። አንድ ቀን ግን ስቃ ስትጨርስ ድምፅዋ ተለወጠ። «አባባ ቀልድ አያውቁም» አለችኝ። «ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ ሰዓት አክብር።» ከእኔ በፊት የጠየቃትን ሰው ሽማግሌዎች፣ አርፍደው ስለመጡ ብቻ፣ አባቷ ከበር መልሰዋቸዋል። ሰዓት ያላከበረ ሚስት አያከብርም ነው የሚሉት። እኔ ወድጃታለሁ። ዕድሜዬ ሄዷል፣ ፀጉሬም ተከትሎታል። ይቺን ካጣሁ አለቀልኝ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኑ ተባለ። በእኛ ወግ ጠያቂው ራሱ አይገባም፤ ሽማግሌዎቹን አድርሶ ውጭ ይጠብቃል። ከሰፈሬ ከአሕመድ ዳጋህ ሁለት አዛውንት ለመንኩ። ሦስተኛው የእናቴ ወንድም ነው፤ አብቲ እለዋለሁ። አብቲ ድሬዳዋ አብሮን ስለኖረ፣ ሰው ፊት ሲሰድበኝ ሌሎቹ እንዳይገባቸው በአማርኛ ነው። ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ዱላቸውን ይዘው መኪናው ውስጥ ገቡ።

ባለፈው ዓርብ ጉንፋን ይዞኝ መኪናውን አላናፈስኩም ነበር። ገና ከሰፈር ሳንወጣ የማጣሪያው ቢጫ መብራት በራች። ብረግጠው መኪናው ያቃስታል እንጂ አይሄድም። መጀመሪያ ባጃጅ አለፈን፤ ቀጥሎ አህያ የሚጎትተው የውሃ ጋሪ አለፈን።

«ምን ሆነ?» አለ አብቲ።

«ጥላሸት ሞልቶታል። በበርበራ መንገድ ትንሽ ብንበር ይለቀዋል።»

አብቲ ወደ አማርኛ ዞረ። «አንተ ጅል! የልጅቷ ቤት እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ 26 ጁን ሰፈር አይደለም እንዴ?»

«እንዲህ እየዳኸን እንዴት እንደርሳለን ታዲያ?»

«ባጃጅ ጥራ።»

«ሽማግሌ በባጃጅ ይላካል እንዴ? አብቲ፣ አታዋርደኝ!»

በባጃጅ ቢሆን ወዲያው ደርሰን ነበር። ግን በዚያ መኪና ስንት ጉራ ነዝቻለሁ! ጉራዬን ይዤ ከከተማ ወጣሁ።

ኬላው ላይ ፖሊሱ አጎንብሶ ሦስቱን ሽማግሌዎች አየ። «ወዴት ነው?» አለ።

ከአዛውንቶቹ አንዱ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው። «ልጅ ልንጠይቅ» አሉት።

«በርበራ?»

«የለም፣ ሐርጌሳ።»

ፖሊሱ የመኪናውን አፍንጫ አየ፤ ከኋላችን የቀረውን ከተማ አየ። «አላህ ያሳካላችሁ» ብሎ ገመዱን ለቀቀው።

በረርን። አብቲ ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ሊሞት እንደተቃረበ ሰው ሸሃዳ ይደጋግማል። በመጨረሻ የሞተሩ ማራገቢያ ማጓራት ጀመረ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ደግ ምልክት ነው፤ ጥላሸቱ መንደድ ጀምሯል። ፀሐይዋም ግን መውረድ ጀምራለች። መካኒኩ «መቃጠል ከጀመረ ሳይጨርስ ሞተሩን እንዳታጠፋ፤ ማጣሪያው ከሞተ ሌላው ከዱባይ ነው የሚመጣው» ብሎኛል። እስኪጨርስ ብጋልበው ልጅቷ ልታመልጠኝ ነው። መሪውን ጠምዝዤ ተመለስኩ።

26 ጁን ስንደርስ የመግሪብ፣ የፀሐይ መጥለቂያው አዛን ገና አልተሰማም። አባቷ ግን በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጨበጡ፤ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። «ምነው ቆያችሁ?» ሲሉ ሰማሁ። እኚያ ውሸት የማያውቁት አዛውንት ከሁሉም ቀድመው «ጥላሸት እያቃጠልን» አሉ። ያ ረቢ! ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ሞተሩ እየሠራ ተቀመጥኩ። ማራገቢያው ሰፈሩን አደነቆረው፤ ጎረቤት በየበሩ ወጥቶ ያየኛል። ከውስጥ ምንም አይሰማኝም። አሁን ወጡ፣ አሁን ተባረሩ እያልኩ በሩ ላይ አፈጠጥኩ። ፈራሁ።

በሩ ትንሽ ተከፈተና እሷ ሹልክ ብላ ወጣች። መሪው እንደ ከተማው መኪና ሁሉ በቀኝ ስለሆነ በቀጥታ መስኮቴ ጋ መጣች።

«ሞተሩን አጥፋው» አለችኝ።

«አልችልም፣ እየተቃጠለ ነው። ካጠፋሁት ማጣሪያው...»

«አጥፋው ብዬሃለሁ። አባባ እሺ ሲሉ መስማት እፈልጋለሁ።»

«እሺ ባይሉስ?»

ያኔ አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ለካ እሷም እንደ እኔ ፈርታለች። እኔ ደግሞ ስለ ማጣሪያ አወራለሁ!

ቁልፉን አዞርኩት። ማራገቢያው ጥቂት አጓርቶ ዝም አለ። እሷ የመኪናውን በር ተደግፋ፣ እኔ አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ፣ ትንፋሻችንን ውጠን አዳመጥን። አባቷ ብቻቸውን ሲናገሩ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ የሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ተነሳ፤ ፋቲሓ ነበር፤ አባቷ እሺ ብለዋል። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እኔን ሳታይ፣ ሮጣ ገባች።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ቁልፉን ባዞር ባዞር መኪናው አልነሳም አለ። ገፍተን ወደ ዳር አቆምነውና ሁለት ባጃጅ ተጠራ። አዛውንቶቹ አንዱን ያዙ፤ እኔና አብቲ በሌላው ገባን። አብቲ ሾፌሩ እንዳይሰማ በአማርኛ ጆሮዬ ውስጥ «ባጃጅ ጥራ አላልኩህም?» አለኝ።

እኔ ግን እያለቀስኩ ነበር።