የካራማራ አቧራ

ልጅ እያለሁ አንድ ቦታ የሚያስቀምጠኝ ነገር አልነበረም። ስሜ ትዕግስት ነው። እናቴ ስትናደድ «ይህን ስም ያወጣልሽ ሰው አንድ ቀን ይጠየቅበታል» ትላለች፤ ያወጣችው ግን ራሷ ናት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስትለኝ ደግሞ፣ እንቁላሉ እስኪሄድ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ማነው እያልኩ በሆዴ እበሽቅ ነበር። ጅጅጋ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከግቢያችን በር ላይ ቆሜ ወደ ምዕራብ ሳይ ካራማራ ተጋድሞ ይታየኛል። ከጋራው ማዶ ምን እንዳለ ሳያውቅ ሰው እንዴት ተረጋግቶ ምሳውን እንደሚበላ አይገባኝም ነበር።

ይህን አመል ከማን እንደወሰድኩት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አባቴ ከናዝሬት ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ክፍል ውስጥ ይንጎራደዳል፤ ቤት ሲገባም ከበር እስከ መስኮት ይንጎራደዳል። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ከተማውን ጭር ሲያደርገው፣ መሄጃ ሲያጣ ከባልደረቦቹ ጋር ጫት መቃም ለመደ። እንቅልፉም ጤናውም ሲበላሽ እናቴ አስማለችው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ቅሞ ከተገኘ ልጆቿን ይዛ ናዝሬት እናቷ ቤት ትገባለች። የኔም ድርሻ አልቀረብኝም። ከከተማ ወጥቼ ከተገኘሁ አክስቴ ዘንድ ተልኬ እዚያው እማራለሁ። በዚያ ቤት ሁለት ሰዎች፣ እኔና አባቴ፣ በገደብ የተፈታን ነበርን።

ጓደኛዬ ሆዳን የጫት ሻጭ ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ ለንግድ ሐርጌሳ ሲሄድ ጥሎት የሄደ የቻይና ሳይክል ነበራቸው፤ ካቴናው የሚንጫጫ፣ ፍሬኑ ከሞተ የቆየ። ሴት ልጅ ሳይክል ስትነዳ ያየ ሁሉ ይጮህብን ስለነበር ሰው በማይበዛበት ዳር ዳሩን ነበር የምንለማመደው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ መንገዱ ገና አስፋልት ሳይነካው፣ «ዛሬ ካራማራን ካላለፍን እኔ እሞታለሁ» አልኳት። ሆዳን ድሪያዋን ሰብስባ ወገቧ ላይ ቋጠረችና «ናያ፣ አንቺ፣ ከሞትሽማ ሳይክሉን ማን ይገፋል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ዳገቱን የወጣነው እየገፋን ነው። ኮረኮንቹ ከጎማው ስር እየሾለከ ወደ ኋላ ይመልሰናል። አፋችን የአቧራና የብረት ጣዕም ያዘ። ላያችን ላይ የደረቀ ሣር ሽታ ያለው ነፋስ ይነፍሳል። ኬላው ላይ የነበረው ወታደር የሆዳንን እናት ስለሚያውቅ «እናንተ ልጆች፣ እብድ ናችሁ እንዴ?» ብሎ ከመሳቅ አላለፈም። ጫፉን ስናልፍ ግን አገሩ ተገለበጠ። ከኛ በኩል ያለው ሜዳ ቢጫ ነው፤ ማዶው ኮረብታ በኮረብታ፣ ከስር ማሽላ፣ ከላይ ጫት በየእርከኑ ተደርድሮ ቁልጭ ያለ አረንጓዴ። ቁልቁለቱን ለቀቅነው። ሆዳን ከኋላዬ ተቀምጣ የጫማዋን ሶል ጎማው ላይ እየጫነች ፍሬን ትሆናለች፤ እኔ መሪውን ይዤ እጮሃለሁ። በእርከኖቹ መካከል በምትጠማዘዝ የጠጠር መንገድ እየነጠርን ስንሄድ ጫት የሚቀጥፉ ሴቶች ቀና ብለው አዩን። አንዷ ከነገለባው የተቆላ ለውዝ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችንና በኦሮምኛ መረቀችን። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ለውዝ የሚጥም ነገር አልበላሁም።

ስንመለስ መንገድ ዳር የጫት ፒክአፕ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ አገኘን። ጭነቱ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል፤ ሹፌሩ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። «ጅጅጋ ናችሁ? እየመጣ ነው በሏቸው» አለን፤ «ዛሬ ሕዝቡ በቁሜ ይበላኛል።» ቀልዱን አልነበረም። ያኔ ጫቱ በሰዓቱ ካልገባ ጅጅጋ ሐራራ ይይዛታል፤ ሻጭና ቃሚ መንገድ ዳር ወጥቶ ወደ ካራማራ ያፈጣል። የጫት መኪና ደግሞ ከሩቅ የሚታወቀው በሚያስነሳው አቧራ ነው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ የሆዳን ጫማ ሶሉ አልቆ ነበር። ለዚህ ግን የጅጅጋ ልጆች መላ ነበራቸው፤ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጦ በገመድ ከሳይክሉ ኋላ ማሰር። እሾሁ መሬቱን እየቧጠጠ ሳይክሉን ይይዘዋል። ትልቁን መርጠን አሰርንና ወረድን። ከኋላችን ምን እንደሚነሳ ዞር ብለን አላየንም፤ ለምን ብለን እናያለን?

ከተማው መግቢያ ስንደርስ ሕዝቡ እየሮጠ ተቀበለን። «ይሚድ! ይሚድ!» ይላሉ፣ መጣ መጣ ማለታቸው ነው። የሆዳን እናት ከሌሎቹ ሻጮች ጋር እየተጋፋች ከፊት ነበረች። አቧራው ጋብ ሲል ከውስጡ የወጣነው እኛ ሁለት ነጫጭ አመዶች፣ ከኋላችን አንድ የግራር ቅርንጫፍ። አንድ ሽማግሌ «ወላሂ፣ ሴት ልጅ ጫት መስላ ስትመጣ ዛሬ አየሁ!» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ከንዴቱ ጋር በሳቅ ፈነዳ። እኔም ልስቅ ስል ከሽማግሌው ጀርባ አባቴን አየሁት። ሽርጥ ታጥቋል፤ በእጁ የሻይ ፔርሙዝ ይዟል። ሽርጥና ፔርሙዝ ይዞ በዚያ ሰዓት መንገድ ዳር የሚቆም ሰው ምን እንደሚጠብቅ ጅጅጋ ውስጥ ሕፃን ያውቃል።

ተያየን። ፔርሙዙን ወደ ጀርባው ደበቀና በሰዉ መሃል ተሰወረ።

ቤት ስገባ ሱሪውን ለብሶ ቀድሞኝ ደርሷል። እናቴ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝና «ይህ ሁሉ አቧራ ከየት ነው?» አለች። አባቴ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ከኔ ጋር ነበረች» አላት። «የት?» ስትለው ተያዘ። እኔም ቶሎ ብዬ «ኳስ እያየን» አልኩ። እናቴ ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችንና ውሃ ልታሞቅልኝ ወጣች።

በማግስቱ አባቴ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። «ማዶው ምን ይመስላል?» አለኝ። እርከኑን፣ ሴቶቹን፣ ለውዙን ሁሉ ነገርኩት። እንደዚያ አድርጎ ሰምቶኝ አያውቅም። «ስመጣ በመኪና በጨለማ ነው ያለፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ ጋራውን በመስኮት አየዋለሁ እንጂ...» አለና ተወው። ተነስቶ እስከ በሩ ተንጎራዶ ተመለሰና፣ «ትዕግስት፣ እኔ መቀመጥ አልችልም፤ መሄጃም የለኝም። ይህ ቅጠል ቢያንስ ያስቀምጠኛል።» «አንድ ቀን እወስድሃለሁ» አልኩት።

አልወሰድኩትም። የአቧራው ወሬ ለከተማው ትልቅ ጨዋታ ሆኖ ነበር፤ በየሻይ ቤቱ ሲነገር «መዓሊንም ፔርሙዙን ይዞ ሮጠ» የሚለው፣ አስተማሪውም ማለታቸው ነው፣ አብሮ ይነገራል። እናቴ ጆሮ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። እናቴ የተናገረችውን የማታጥፍ ሴት ናት። ትምህርት ሲዘጋ ይዛን ናዝሬት ገባች፤ አባቴ ጅጅጋ ቀረ። አውቶቡሱ ካራማራን ሲወጣ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ነበር፤ ከራሳችን አቧራ በስተቀር ምንም አልታየኝም።

ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ነው። ጫቱ ያለ አቧራ ይገባል፤ ማንም ከሩቅ አይቶት አይሮጥም። ናዝሬትም ስሟ አዳማ ሆኗል። እኔ ደግሞ ፍሬኑ በጣት የሚታዘዝ ሳይክል አለኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጥቼ ኮረኮንች እፈልጋለሁ። አባቴን በየክረምቱ ጅጅጋ ሄጄ አየው ነበር። ሁልጊዜ «የሚቀጥለው ዓመት ማዶውን ለማየት እንሄዳለን» እንባባላለን፤ ሁልጊዜ እኔ ቸኩዬ እመለሳለሁ።

ማረፉን የነገሩኝ ዕለት መኪና ተከራይቼ ሌሊቱን ሙሉ ተጓዝኩ። ሲነጋ ከባቢሌ አልፈን እርከኖቹ ታዩኝ፤ ጥቂት ሴቶች ጫት ይቀጥፋሉ። እኔና ሆዳን ስንመለስ እየገፋን የወጣነውን ዳገት መኪናው አንድ ወሬ ሳንጨርስ ወጣው። ጫፉን ስናልፍ ጅጅጋ ከታች ሜዳው ላይ ተዘርግታ ታየች፤ ለቀብር የቆመው ድንኳን ከዚያ አይታይም። ሹፌሩን «እባክህ፣ ቀስ በል» አልኩት። በዕድሜዬ ሰው ቀስ እንዲል የለመንኩት ያን ጠዋት ብቻ ነው።