ያዘመመው የአየር ቧንቧ

ሥራ የጀመርኩት አቃቂ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። የቀለም ቅቡ አለቃ ጋሽ ታደሰ በመጀመሪያው ቀን ከኮምፕሬሰሩ ሥር አስተኙኝና ታንከሩ ግርጌ ያለችውን ማፍሰሻ «ክፈታት» አሉኝ። ስከፍታት ዝገት የመሰለ ውኃ ፊቴ ላይ ተፋች። ባትላሜራዎቹ ላሜራቸውን መቀጥቀጥ ትተው ሳቁብኝ።

«ጋሼ፣ አየር ውስጥ ውኃ ከየት መጣ?»

«ከሰማይ ነዋ! አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ውኃውን ይጥላል። እዚህ ካላፈሰስከው ቀለምህ ላይ ይፈስልሃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከውኃ ጋር ጠበኛ ነኝ።

ዛሬ የምሠራው ግቢዬ ውስጥ ነው። የአየር ቧንቧውን በግድግዳው ላይ የዘረጋሁት እያዘመመ እንዲወርድ አድርጌ ነው። ውኃው ቁልቁል ሄዶ ጫፉ ላይ ካለው ማፍሰሻ ጋ ይጠራቀማል። የቀለም መርጫው ጎማ የሚነሳው ደግሞ ውኃ እንዳይገባበት ከቧንቧው አናት ነው።

የሚስቴ ወንድም ግርማ ግንበኛ ነው። ለቅሶ አገር ቤት በሄድኩበት ሰሞን ቤታችን ከረመ።

ስመለስ ወይዘሮ አልማዝ ሚኒባሷን አመጣች። ባሏ ሲሞት የተወላት እሱን ብቻ ነው። ቂሊንጦ ያለ ፋብሪካ ለሠራተኛ ሰርቪስ ሊኮናተርላት «ሰኞ አምጪና እንየው» ብሏታል።

ታንከሩን አፈሰስኩ። ከቧንቧው ጫፍ ግን ጠብታ አልወጣም። የመጨረሻውን ድርብ ስረጭ መርጫው ተንተፋተፈ፤ ጣሪያውም ጎኑም አረፋ በአረፋ ሆነ። ግድግዳውን ለአቧራ የጋረድኩበትን ላስቲክ ገንጥዬ ባይ፣ ቧንቧዬ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል! ውኃው መሄጃ አጥቶ መሐል ላይ ተኝቶ ኖሯል።

ግርማ ጋ ደወልኩ።

«ጠማማ ነበር እኮ፣ አቀናሁልህ! በውኃ ልክ ነው የለካሁት፤ ፀጉር አይዛነፍም።»

«ማን ንካ አለህ?»

«ምስጋናው ይሄ ነው?»

ሚስቴ ከጓዳ፣ «ደግ ላድርግ ብሎ ነው፣ ተወው እንጂ» አለች።

«ደግ የሚያደርግ መጀመሪያ ይጠይቃል!»

ወይዘሮ አልማዝ መጥታ መኪናዋን ዞረችው። «ጋሼ፣ ምነው የባሌን መኪና ፈንጣጣ አስያዙት?»

ቧንቧውን መልሼ አዘመምኩና መኪናውን እስከ ብረቱ ፍቄ እንደገና ቀባሁት። እንደ መስታወት አበራ። እስኪደርቅ ግን ሰኞ አልፏል፤ ፋብሪካውም ሌላ ሚኒባስ ይዟል። እጇን በበሩ ላይ አሳለፈችና፣ «አምሯል። አሁን ለማን ላሳየው?» አለችኝ።

ግርማ ዛሬም ሲመጣ ቧንቧውን እያየ «ዓይን ይወጋል» ይላል።

ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በማታ ትምህርት ነው። በዚያው ፊደል ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ጽፌያለሁ፦ «ይህ ቧንቧ ያዘመመው ሆን ተብሎ ነው። አትንኩ።»

እናንተም ቧንቧችሁን ወደ ማፍሰሻው አዝምሙት። ሥራ ሳትጀምሩ ውኃውን አፍስሱ። ለቅሶ ስትሄዱ በሩን ቆልፉ።