ሠርቷል የተባለው ማሽን

ማሽኑ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰው ሁሉ እያየው ነው።

ጅማ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ መካኒክነት አስተምራለሁ። ማሽኑን የሠራሁት ግን ከከተማው ወጣ ብላ ባለች አንዲት የቡና ከተማ በማኅበር ለተደራጁ ሴቶች ነው። ከጓሯቸው የሚለቅሙትን እሸት ቡና የሚፈለፍሉት በእጅ በሚዞር አሮጌ መፈልፈያ ነበር፤ ሲያዞሩ ውለው ማታ ክንዳቸውን ማንሣት ያቅታቸዋል። እኔ በብስክሌት ፔዳል የሚዞር ሠራሁላቸው። ኩሽኔታ በተበላሸ ቁጥር መለዋወጫ ፍለጋ ጅማ ድረስ እንዳይንከራተቱ ብዬም፣ በኩሽኔታው ፈንታ ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት ከዋንዛ እንጨት በመቅረጫ ማሽን፣ በቶርኖ፣ አወጣሁት። እንጨት የትም አለ፤ ሠፈራቸው ያለ አናጺም ይሠራላቸዋል። እንዲህ ነበር ሐሳቤ።

የምርቃቱ ቀን ድንኳን ተጣለ። የክብር እንግዳው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ኮርቻው ላይ ወጣና ትንሽ ረገጠ፤ ካሜራው ብልጭ አለ፤ ተጨበጨበ። ቀጥሎ የማኅበሩ ሊቀመንበር ወጡ። ጠና ያሉ፣ ሳቂታ እናት ናቸው። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ውኃውን በባልዲ ገለበጡ፣ ቡናውን ሞሉት። ቀዩ ገለባ በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል ይወርድ ጀመር። ጥቂት ባልዲ እንደተገለበጠ ግን ፔዳሉ ከበደ። ሊቀመንበሯ ቆመው ረገጡት። ንቅንቅ አላለም።

«ኢንታላ ኮ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አልሄድ አለኝ እኮ።»

ተንበርክኬ ቀለበቱን ነካሁት። ይፋጃል። ወላሂ፣ በዚያች ቅጽበት ሐፍረት የሚባል አልተሰማኝም። ልቤን የመታኝ ሌላ ነው፦ ለምን? ማሠልጠኛው ውስጥ ሳይቆም ሲዞር የከረመ ማሽን ዛሬ ምን አገኘው? ቁልፌን አነሣሁ።

የማሠልጠኛው ኃላፊ ትከሻዬን ያዘኝ። «ሸፍኚው።»

«ሁለት ቡሎን ብቻ ልፍታ፤ ምን እንደነካው እናያለን።»

«እንግዳ ፊት? ሸፍኚው አልኩሽ!»

ሸራ አለበሱት። ከድንኳኑ ጋር አይሱዙ ላይ ጭነው አምጥተው የማሠልጠኛው መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት።

በማግስቱ ስልኬን ስከፍት የማሠልጠኛው ገጽ ላይ እንግዳው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ከሥሩ «በመምህርታችን የተሠራው የፈጠራ ውጤት በተሳካ ሁኔታ ሥራ ጀመረ» ይላል። ቁርሴን ትቼ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገሠገሥኩ።

«ማሽኑ እኮ ቆሟል፤ እርስዎም አይተዋል፣» አልኩት።

«ትንሽ ሠርቷል አይደል? አንቺም ተመሰገንሽ። ምን ጎደለሽ?»

«የመጋዘኑ ቁልፍ። ልፈታውና ልየው።»

ሳቀ። «የትኛውን ጥገና ብዬ ላስፈቅድልሽ? የሚሠራ ማሽን ምኑ ይጠገናል?»

በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። ተማሪ ሲሳሳት ተቆጥቼ አላውቅም፤ ብረት ሲሰበርም እንዲሁ። ብረት አይዋሽም። በቃኝ ሲል ይሰበራል፤ የተሰበረበት ገጹም ምን እንደገደለው ይነግርሃል፣ ቀርበህ ካየኸው። ይኸ ሰውዬ ግን የከለከለኝ ማየትን ነው። የማሽኑን መውደቅ «አልወደቀም» ብሎ ሲክድብኝ፣ ከመውደቁ የምማረውን ሁሉ አብሮ ወሰደብኝ። ፈጠራ፣ ፈጠራ እያሉ በየስብሰባው ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይጮኻሉ። አንድም ቀን ሳይበላሽ የተፈጠረ ነገር ካለ ያሳዩኝ! የፈጠረ እርሱ አላህ ብቻ ነው፤ እኛማ እያበላሸን፣ እየፈታን፣ እየገጠምን ነው።

የባሰውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ሴቶቹ አያያዙን ስላላወቁ አበላሹት» ይባል ነበር። ለሕዝብ «ሠርቷል»፣ በሹክሹክታ ደግሞ «ሴቶቹ ሰበሩት»!

ወሬው እሳቸው ጆሮም ደርሶ ኖሮ፣ ሊቀመንበሯ በሚኒባስ ተሳፍረው ማሠልጠኛው ድረስ ከች አሉ። ይዤያቸው ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ተቀመጡ ቢላቸው እምቢ አሉ።

«የተመረቀልን ማሽን የት አለ?»

«እናቴ፣ ትንሽ የሚስተካከል ነገር...»

«የምን ማስተካከል? ይሠራል ብላችሁ ለአገር ነግራችኋል። የሚሠራ ከሆነ የእኛ ነው፤ አምጡ። የማይሠራ ከሆነም ማን እንዳበላሸው እዚሁ እናውራ።»

ኃላፊው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። የመጋዘኑን ቁልፍ አስመጥቶ ሰጠን።

ማሽኑን አስጭነን ወስደን ሊቀመንበሯ ግቢ ባሕር ዛፉ ሥር ፈታሁት። ምክንያቱ ገና ሽፋኑ ሲነሣ ታየ፦ የዋንዛው ቀለበት ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ አብጦም ዘንጉን አንቆ ይዞታል። እኔ ስሞክረው ውኃውን በኩባያ ነበር የማንጠባጥበው። እነሱ በባልዲ ነው የሚሠሩት። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ሊቀመንበሯ ያበጠውን እንጨት በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «ይህችን እንዳናይ ነው የቆለፉብን? ያ ረቢ!» ብለው የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ተቆጡ። ያን ቀን ብቻዬን አልተናደድኩም።

አዲስ ቀለበት ሠርቼ ዘይት ውስጥ ነክሬ ገጠምኩት። ዞረ፤ አላበጠም። ደስ ብሎን ሳንጨርስ አንዷ ሴት የታጠበውን ፍሬ አሽታ ፊቷን አጨማደደች። ቡና ሽታ ይስባል፤ የዘይቱን ሽታ ሳበው። ያን ቡና ደፋነው። እንደገና ፈታሁት። በሦስተኛው ሙከራ ዘይቱን ትቼ በቀለጠ የንብ ሰም ነከርኩት፤ ቀለበቱንም ከመፈልፈያው ሣጥን ወደ ውጭ አውጥቼ፣ ውኃ እንዳይረጨው ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ መከለያ አደረግሁለት። ዞረ። ቡናውም የሸተተው ቡና ብቻ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ አዳራሽ ተጠርቼ «የፈጠራ ሥራ» የሚል ምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ በምርቃቱ ቀን ለነበረው ማሽን፣ ለቆመው። ጥቂት ቃል ተናገሪ ተባልኩ። ከቦርሳዬ ያበጠውን ቀለበት አውጥቼ ከፍ አደረግሁት።

«የምትሸልሙኝ ማሽን ቆሞ ነበር፣» አልኩ። «ያስቆመው ይኼ ነው። የእኔ ሥራ ነው፤ ሴቶቹ አልሰበሩትም። እንዴት እንዳበጠ ልንገራችሁ...»

ድምፅ ማጉያው ጠፋ። መብራት ሄዶ አልነበረም፤ አምፖሎቹ እንደበሩ ናቸው። ኃላፊው ቆሞ እያጨበጨበ ነበር፤ አዳራሹም ተከተለው። በጭብጨባ አፌን ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ከወርክሾፕ ተነሥቼ በጠመኔ ንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ምክንያቱን ብጠይቅ «ለአንቺ ዕረፍት ይሆናል» አሉኝ። ንዴቴ እንዲበርድልኝ የሚመክሩኝ አሉ። ለምን ይበርዳል?

ባለፈው ሳምንት ሊቀመንበሯ ደወሉልኝ። ማሽኑ አዲስ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል።

«ወላሂ እኛ ምንም አላደረግነውም፣» አሉኝ፤ ድምፃቸው ፈርቷል። እኚያ ቢሮ ቆመው የተሟገቱ ሴት!

ይኼ ፍርሃታቸው ከወረቀቱም፣ ከጭብጨባውም በላይ አንገበገበኝ። አንድ ማሽን ጮኸ ብለው፣ ማንም ሳይከሳቸው ራሳቸውን ይከላከላሉ።

«አደረጋችሁት ያለ ማን አለ እናቴ?» አልኳቸው። «እንዲያውም ዝም ብሎ ከሚሰበር መጮኹ ይሻላል። እንዴት ነው የሚጮኸው?»

ሊቀመንበሯ ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠጉትና አንዷን ሴት ፔዳሉን እንድትረግጥ በኦሮምኛ አዘዟት። ጆሮዬን ለጥፌ ማዳመጥ ጀመርኩ።