አባቴ የተረጎመው የአውስትራሊያ ፊልም

አባቴ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል። አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ከገባ በኋላ ሥራው ፓሎ አልቶ ውስጥ ሆስፒታል መኪና ማቆሚያ ላይ ትኬት መቀበል ሆነ፤ እሱ ግን ማስተማሩን አልተወም። የሚያልፈውን ዶክተር ሁሉ ሰዋስው በልቡ ሲያርም ይውልና ማታ እራት ላይ ጥፋቱን ይዘረዝርልናል። አንድ ሐኪም ግስ ያለቦታው ካስገባ ቀዶ ጥገናውን የሳተ ያህል ያዝንለታል። ቤታችን ውስጥ እንግሊዝኛ የእሱ ክፍል ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ መነጽሩን አድርጎ የሚያነበው እሱ፣ ስልክ ላይ ከቤት አከራዩ ጋር የሚከራከረው እሱ። እናቴ የነጭ አሮጊቶች ቤት ተቀጥራ ስትጦር ውላ ከእሱ የተሻለ የሚሰማ ጆሮ አብጅታ ነበር። ይህን ግን አንድም ቀን ፊት ለፊቱ አላለችውም።

እኔ ያኔ ካምቤል ውስጥ ቪዲዮ ቤት እሠራ ነበር። ክሩ ያለቀ ካሴት ከመደርደሪያ ወርዶ የሚጣልበት ሣጥን ነበረን፤ ሳይጣል በፊት የፈለገ ሠራተኛ ይወስዳል። አንድ ቅዳሜ ከዚያ ሣጥን አንድ የአውስትራሊያ ኮሜዲ ይዤ መጣሁ። ሽፋኑ ላይ ሁለት ቆሻሻ ሰዎች አቧራ መሃል ቆመው ይሳሳቃሉ። በስንት ብር እንደተሠራ ባላውቅም፣ ተዋንያኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ልብስ ነው የለበሱት። በዚያ ላይ ካሴቱ ተበልቷል። ምስሉ የጭቃ ውሃ ነው፣ ድምፁ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያወራ ሰው ድምፅ።

ያን ቀን ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤታችን ቤታችን ነበሩ። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛን ከእኛ አጣፍጠው የሚናገሩ አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም አደይ እንላቸዋለን። ፊልሙ እንደጀመረ ወደ አባቴ ዞረው "መምህር፣ ምንድን ነው የሚሉት?" አሉት።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለ። አውስትራሊያዊው በአፍንጫው እየጎተተ ይንጣጣል። ሃያ ሁለቱ ዓመት የት እንደገባ እንጃ።

"በርስት ነው የሚጣሉት" አለ አባቴ መጨረሻ ላይ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "አባታቸው ሞቶ።"

ከዚያ ማን ያቁመው! ሁለቱ ቆሻሻዎች ወንድማማቾች ናቸው። አባትየው ኑዛዜውን በሣጥን ቆልፎ ሞቷል። ኮፍያ ያደረገው ረጅም ሰው ከዋናው ከተማ የተላከ ዳኛ ነው። ወፍራሟ ሴትዮ የሐሰት ምስክር ናት፤ ለታላቅየው ትመሰክርና ከሰዓት በኋላ ለታናሽየው ትመሰክራለች። አባቴ ለእያንዳንዱ ድምፅ አወጣለት። ዳኛው በአፍንጫው የሚናገር ጎጃሜ ሆነ፣ ምስክሯ የመርካቶ ቅመም ነጋዴ። አደይ ሶፋው ላይ ተንከባለሉ። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች "በቃ በቃ፣ ሆዴን!" ትላለች። እኔ ከእነሱ ብዙ ዘግይቼ ካገር ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ አባቴ የሚለውን ሁሉ አመንኩ። ለምን አላምንም? አስተማሪ ነው።

ይህ ነገር ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ቅዳሜ ምሳ ከተበላ በኋላ አደይ ይወርዳሉ፣ ካሴቱ ይገባል፣ አባቴ ይተረጉማል። በየሳምንቱ ነገሩ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፤ ምስክሯ አንድ ሰሞን ባል አገባች፣ ወዲያው ደግሞ ፈታችው። ታናሽ እህቴ ከአባቴ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች። እሷ ሕፃን ሆና ስለመጣች አማርኛ በጆሮዋ ትሰማለች እንጂ ከአፏ አይወጣም። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በአማርኛ ብትጠራት "ዋት?" ነው መልሷ። አባቴን ይህ ነገር ይቆጨው ነበር። የሰው ልጅ ሁሉ ሲያስተምር ኖሮ የራሱን ልጅ በገዛ ቋንቋው ማናገር አቃተው። እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ የአዳዲስ ካሴቶች ዝርዝር ሲመጣ ያንኑ ፊልም አየሁት። "ሪማስተርድ" ይላል። ከዋናው ፊልም እንደገና ተቀድቶ፣ ምስሉ ተጠርጎ፣ ድምፁ ጠርቶ ወጥቷል ማለት ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም። አባቴ ዓይኑን አጨንቁሮ ያን ጭቃ ሲያይ ከሚኖር፣ አንድ ቀን እንደ ሰው ይይ ብዬ ወዲያው አዘዝኩለት። ከዚያም ትልቁን ስህተት ሠራሁ፦ ለእናቴ ነገርኳት።

ለእናቴ የተነገረ ነገር ቤይ ኤሪያ ያለውን ሐበሻ ሁሉ ለመዞር አንድ ሰዓት ይበቃዋል። በማግስቱ ኦክላንድ የምትኖረው አክስቴ ከነባሏ ቅዳሜ እንደምትመጣ ተቆረጠ። "ዶሮ እሠራለሁ፣ አባትሽም ፀጉሩን ይቆረጣል" አለች እናቴ፣ ፊልሙን የሠራው እሱ ይመስል።

ካሴቱ ሐሙስ ደረሰ። ደንበኛ ባልነበረበት ሰዓት ሱቁ ውስጥ ከባንኮኒው በላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ልሞክረው ብዬ ከፈትኩት። ምስሉ እንደ መስተዋት ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ አነጋገራቸውም ጆሮ ሲለምደው ይገባል፣ እኔም በሁለት ዓመት ውስጥ ጆሮ አውጥቼ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳልቆይ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ርስት የለም። ኑዛዜ የለም። የሞተም አባት የለም። ሰዎቹ ማንም በማያልፍበት አቧራማ ከተማ ዳቦ ቤት ያላቸው ወንድማማቾች ናቸው። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ የዳቦ ውድድር ሊዳኝ የመጣ ነው። ወፍራሟ ሴትዮ እናታቸው ናት፣ ምንም አልመሰከረችም። ታናሽየው አባቱ መቃብር ላይ የሚያለቅስበት፣ አደይ ሁልጊዜ ከንፈራቸውን የሚመጡበት ቦታስ? የተቃጠለ ምድጃ ነው። እና ያ ሣጥን፣ ኑዛዜው ያለበት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጣሉበት ሣጥን፣ ውስጡ ያለው ሥጋ የተሞላ ክብ ዳቦ ነው።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ የአክስቴ ባል ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። የአክስቴ ባል ኦክላንድ ታክሲ ይነዳል፤ አፉም ከመኪናው ይፈጥናል። በመጣ ቁጥር "መምህር፣ የአዲስ አበባ እንግሊዝኛ እዚህ አይሠራም እኮ" እያለ አባቴን ይነካካዋል፤ አባቴም ይስቃል፣ ግን ማታውን አይበላም። ያ ሰውዬ ቅዳሜ ሶፋችን ላይ ሊቀመጥ ነው። እንግሊዝኛው እንኳ ቢያመልጠው ዳቦውን ያያል። አባቴ ብዙ ነገር ትቶ ነው ወደዚህ አገር የመጣው፤ ያልተወው ነገር አስተማሪነቱን ብቻ ነበር። እሱንም እኔ በገዛ እጄ፣ በስጦታ መልክ፣ ላስወስድበት ነው።

ዓርብ ዕለት እናቴን "ካሴቱ አልመጣም" አልኳት። እህቴ ከኋላዬ "ኢትስ ኢን ሀር ባግ" አለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ነው ማለቷ ነው። ይቺን ልጅ የዚያን ቀን ብቆነጥጣት ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ ምሳ ተበላ። ሁሉም ተቀመጠ። አባቴ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ካሴቱን ራሱ አስገባ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ጥርት ብላ ስትወጣ ፊቱን አየሁት። ገባው። ቃሉ ሁሉ ላይገባው ይችላል፣ ነገሩ ግን ገባው። ሁለት ዓመት ጨለማ ዋሻ ይመስል የነበረው ቦታ ዱቄት የለበሰ ዳቦ ቤት ሆኖ ቁጭ አለ።

"መምህር፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ዱቄት?" አሉ አደይ።

አባቴ ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰረ። "የተዝካሩ ዳቦ ነው" አለ። "ለአባታቸው ተዝካር እየጋገሩ ነው።"

ኧረ ልባም! እጄን ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ምድጃው ሲቃጠል "ተዝካሩ ተበላሸ፣ ለዚህ ነው የሚያለቅሰው" አለ፤ አደይ ከንፈራቸውን መጠጡ። የአክስቴ ባል ግን እግሩን አጣምሮ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ አልነቀለም። አባቴ ግንባሩ ላይ ላብ አወጣ። ሣጥኑ እየቀረበ ነው።

ደረሰ። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ሣጥኑን ከፈተ። ውስጡ፣ እንደ ፀሐይ ደምቆ፣ ዳቦ።

"መምህር!" አለ የአክስቴ ባል ከሶፋው ብድግ ብሎ። "ኑዛዜው የታለ? ዳቦ እኮ ነው!"

አባቴ የካሴቱን ሽፋን አንስቶ ጀርባውን እንደሚያነብ ሰው አገላበጠው። እናቴ ጠረጴዛ የምታነሳ መስላ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። አደይ አንዴ እሱን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑን ያያሉ። የሚናገረው ያ አውስትራሊያዊ ብቻ ነው፣ በዚያ በተረገመ ጥርት ያለ ድምፁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

"ዳቦው ውስጥ ነው።"

ማን እንደተናገረ ለማወቅ ሁላችንም ዞርን። እህቴ ናት። ከምንጣፉ ላይ ተነስታ በጉልበቷ ቆማለች፣ ዓይኗ አባቴ ላይ ነው።

"ወረቀቱ ዳቦው ውስጥ ነው" አለች በአማርኛ። ቃሉን አንድ አንድ እያነሳች እንደምታስቀምጥ፣ ግን ሳትሳሳት። "ትልቁ ወንድም ደበቀው። ዳኛው እንዳያነበው። ሲጋግሩ ጊዜ ከተተው።"

በዚያ ቅጽበት ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ዳቦውን በቢላ ቆረጠ፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ አነሳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማላመጥ ጀመረ።

አባቴ ዘሎ ተነሳ። "በላው!" ብሎ ጮኸ። "ኑዛዜውን በላው!"

አደይ ትራስ ታቅፈው ወደቁ። እናቴ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሳቀች። አክስቴ ሳቋ ወደ ስርቅታ ዞረ። የአክስቴ ባል ትንሽ ቆሞ ልጅቷን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ከነማኅተሙ?" አለ።

"ከነማኅተሙ!" አለ አባቴ።

ሰውዬው መሳቅ ሲጀምር ሶፋው ተንቀጠቀጠ። ያን ቀን ማን ምን ያህል እንደገባው እስከ ዛሬ ጠይቄ አላውቅም። የቀረውን ፊልም አባቴና እህቴ እየተቀባበሉ ጨረሱት። ምስክሯ እንኳ ሳትቀር በእህቴ አፍ ዋሸች፣ የመርካቶ ድምጿን ሳትለቅ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን ቃል ስትሰበስብ ኖራለች፣ እኛ ደግሞ አማርኛ አታውቅም ስንል።

የኦክላንዶቹን ሸኝተን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአባቴ ጋር ደረጃውን ስንወጣ መሃል ላይ ቆመ።

"ታውቂ ነበር?"

"ሐሙስ ነው ያወቅሁት አባዬ። ይቅርታ።"

የደረጃውን ብረት ይዞ ወደ እኔ ዞረ። "እስቲ ንገሪኝ፣ ስለ ምንድን ነው?"

አባቴ እንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ነገርኩት። ዳቦ ቤቱን፣ ውድድሩን፣ ምንም ያላጠፋችውን እናት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና "ዳቦ ብቻ?" አለ።

"ዳቦ ብቻ።"

"አንድ ቃል አልገባኝም ነበር እኮ!" አለ። "አንድም!" ሳቁ እንባ አመጣበት፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻው ሲላላ አየሁት። እኔም አብሬው ሳቅኩ፣ ማልቀስም አማረኝ።

ቤት ስንገባ እህቴ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሳ ትጠብቃለች። "አባዬ፣ ና" አለችው፣ ወንበሩን እየመታች።

አባቴ ወንበሩ ላይ እሷን አስቀመጠና ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። "ዛሬ አንቺ ተርጉሚ" አላት። "እኔ ልስማ።"