«አይገባኝም» ያሉት የኔታ ጥሩነህ

የኔታ ጥሩነህ አረፉ አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁና መልሼ ደወልኩ። ተሳስታችሁ እንዳይሆን፣ ሌላ ጥሩነህ እንዳይሆን አልኩ። ባለፈው ሳምንት እኮ ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፤ ጉንፋን ይዟቸው በጉንፋኑ ሲቀልዱ ነበር። አይደለም፣ እሳቸው ናቸው አሉኝ።

ይሄን የምጽፈው ሉማሜ ላይ ሆኜ ነው። ጠዋት ከማርቆስ ተነሳሁ፣ እዚህ መኪና ቀየርኩ፣ አሁን ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነው። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ደብረ ወርቅ ነው። ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስት ጊዜ ገባሁ። አጠገቤ ያሉት እናት «ልጄ፣ አንዴ ተቀመጥ እንጂ፣ እኛንም አዞርከን» አሉኝ።

ለማታውቋቸው፦ የኔታ የቅኔ መምህር ነበሩ። እኔም ፎቶ ቤት ከመክፈቴ በፊት፣ ቅኔ ልቆጥር ብዬ እሳቸው ዘንድ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ብዙም አልዘለቀኝም፤ ችኩል ነበርኩ። «ቀስ በል፣ አገር አይሸሽም» ይሉኝ ነበር። ሞተር ሳይክል የገዛሁ ጊዜም ያሉኝ ይሄንኑ ነው።

ባለፈው ምርጫ ለክልል ምክር ቤት በግል ተወዳደሩ። ወግ አጥባቂ ሲሏቸው አይከፋቸውም። «አዎ፣ ያልጠበቀ ቋጠሮ መንገድ ላይ ይፈታል» ይላሉ። የሚፈልጉትም ግልጽ ነበር። ጠብ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ይየው፤ የሰንበት ገበያ ይቅር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደን አይነካ፤ በጾም ሞንታርቦ ይዘጋ። እኔ በሁሉም አልስማማም ነበር። በሞንታርቦው ጉዳይማ ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀናል። ግን የሚያምንበትን ብቻ የሚናገር ሰው ሲወዳደር ማየት ደስ አለኝና ፖስተራቸውን አተምኩ፣ የፌስቡኩንም ሥራ ያዝኩ።

አንድ ችግር ነበር። «ምረጡኝ» የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

«የኔታ፣ አንዴ ብቻ ምረጡኝ ይበሉ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ሹመት ይለመናል እንዴ?»

«ውድድር ነዋ የኔታ። ደንቡ ነው።»

«የእኛስ ደንብ? የተመረጠ ሰው መጀመሪያ እንቢ ይላል። ሲያስገድዱት ይቀበላል። እንቢ ያላለማ ቀድሞም ቋምጦ ነበር።»

ቁይ ላይ በገበያ ቀን ሰው ተሰበሰበላቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ምክር ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ አይገባኝም። እናንተ ተሸከም ካላችሁኝ ግን እሸከማለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የድሮ ሰው ናቸው፣ ወጉን ያውቁታል። ያኔ እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ነበርኩ።

ቀርጬው ነበር። ረዘመብኝ፤ ሰው ረጅም ቪዲዮ አያይም ብዬ ቆረጥኩት። ቪዲዮው ላይ ያስቀረሁት የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ምክር ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ አይገባኝም።» ከላዩ «ትሕትና ማለት ይሄ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የአድናቂ እንዲመስል ደግሞ በስሜ ሳይሆን በሌላ ገጽ ለቀቅኩት።

በማግስቱ ሰዎች ጽሑፉን ጥለው ቪዲዮዋን ብቻ ይቀባበሏት ጀመር። «ራሳቸው አይገባኝም እያሉ! የማይገባው ሰው ምን ሊሠራልን ነው?» ተባለ። ጎረምሳው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «የኔታ፣ አሁንስ ገባዎት?» ይላቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሰምና ወርቅ ያስተማሩ ሰው፣ በአንዲት ቃል ኅብር ተጠልፈው ወደቁ።

ተሸነፉ። ያለዚያም ይሸነፉ ይሆናል፣ አላውቅም። መሣቂያ ግን አይሆኑም ነበር።

ውጤቱ በተለጠፈ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አልተቆጡም። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝና ቆይተው፣

«ያቺን ነገር ማን እንደቆረጣት ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም የኔታ።»

«ማንም ይሁን ማን፣ ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎታል» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያን ሳቄን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚያ ወዲህ ስንቴ ልነግራቸው ተነሳሁ መሰላችሁ። በዓል ሲመጣ እደውላለሁ፤ እንኳን አደረስዎት ብዬ እዘጋለሁ። ሌላ ጊዜ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው የት ይሄዳሉ እላለሁ። በሁሉ ነገር ስጣደፍ ኖሬ በዚህ ብቻ ዘገየሁ።

ጠዋት ልጃቸው ዓለምነሽ ደወለች። የሕይወት ታሪካቸውን አንብብ ተብለሃል አለችኝ። «ምርጫውን ግን ዝለለው። መሣቂያ የሆኑበትን ነገር እናቴ ፊት አታንሳብን» አለች። እሺ አልኳት። መቀመጥ ያቃተኝ እሺ ካልኩ ወዲህ ነው። ብዘለው በሰው ዘንድ የምትቀረው ያቺው ቁራጭ ቪዲዮ ናት። ባነሳው ደግሞ ቤተሰቡ ፊት የምዋረደው እኔ ነኝ። የምፈራው የቱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሺ ያልኩት ለእነሱ ብዬ አይደለም።

ዓለምነሽ፣ ይሄን ካነበብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አልዘለውም። አባትሽ ቁይ ላይ የተናገሩትን ሙሉውን አነበዋለሁ። ማን እንደቆረጠውም ስሙን እጠራለሁ። ከዚያ በኋላ ውጣልን ካላችሁኝ እወጣለሁ።

ሚኒባሱ ሞልቷል፣ ልንነሳ ነው።

የኔታ፣ እንግዲህ በሰላም ይሂዱ። ሲጠይቁኝ አላውቅም ያልኩዎት ዋሽቼ ነው፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በሕይወት ሳሉ ጉልበትዎ ላይ ወድቄ ይፍቱኝ ማለት ነበረብኝ። ዛሬ ካህናቱ ፍትሐት የሚያደርሱት ለእርስዎ ነው፤ ታስሬ የቀረሁት ግን እኔ ነኝ።